ለመጪው ዓመት የቅንጦት ጉዞ ወዴት? ከሐዋሳ ለሚነሱ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐዋሳ የጉዞ ወሬ የሚደራባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ የሰርግ ሰሞን ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ከውጭ ዘመድ «እየመጣሁ ነው» ብሎ ሲደውል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ጉዞ እንዳሰናዳላቸው ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት ደረጃውን የጠበቀ ጉዞ ለማድረግ አቅሙ ላላቸው፣ ገንዘባቸው ግን በከንቱ እንዲባክን ለማይፈልጉ ነው።

መዳረሻ ለመምረጥ ከምን ልጀምር?

ከወሩ ይጀምሩ። አብዛኛው ሰው የሚመጣው የቦታውን ስም ይዞ ነው። «ዛንዚባር» ይላል፣ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ያሳያል፣ ፈቃዱ መቼ እንደሆነ የሚናገረው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ፈቃዱ ሚያዝያ ከሆነ ፎቶው ላይ ያለው ሰማይ አይገኝም፤ የዛንዚባር ረጅሙ የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነውና። በዚያን ጊዜ ሆቴሎች ዋጋ ይቀንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ለእድሳት ይዘጋሉ። ቅናሹን አይቶ የሄደ ሰው ዝናቡን ከመስኮት እያየ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሄዱበትን ወር ይቁረጡ። ቀጥሎ በዚያ ወር የትኛው አገር መልካም እንደሆነ ይጠይቁ። ሆቴልና ዋጋ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። በደህናው ወር መካከለኛ ሆቴል ያረፈ ሰው፣ በክፉው ወር ውዱ ሆቴል ካረፈው ይልቅ ደስ ብሎት ይመለሳል። ይህን በጣም አምንበታለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

ሰርጋችን ጥር ላይ ነው። ለጫጉላ የት ብንሄድ ይሻላል? ከፋሲካ በኋላ ብናደርገውስ?

ለጥር ሰርግ ማልዲቭስ ጥሩ ምርጫ ነው። ደረቁ ወቅት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ስለሚዘልቅ ባሕሩም ሰማዩም የተረጋጋ ነው። ቪዛ አስቀድሞ አይጠየቅም፤ ለማንኛውም አገር ዜጋ ሲደርስ ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ይመታለታል። የደርሶ መልስ ቲኬትና የተረጋገጠ ማረፊያ ግን መያዝ አለብዎት። ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ የሚሞላ የኢንተርኔት ቅጽም አለ።

ማልዲቭስ ላይ ሰው የሚቸገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የውኃ አውሮፕላኑ ነው። ራቅ ወዳሉት ደሴቶች የሚወስደው ይህ ትንሽ አውሮፕላን የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘግይተው ማሌ ከደረሱ፣ ውድ ገንዘብ የከፈሉበት የመጀመሪያ ሌሊት ደሴቱ ላይ ባዶ አልጋ ሆኖ ያድራል፤ እርስዎ ደግሞ ከተማው ውስጥ ሌላ ክፍል ይከፍላሉ። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የመድረሻ ሰዓቱን ለሪዞርቱ ልከው «በዚያው ቀን ትወስዱናላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ግብሩ ነው። በሪዞርት ያረፈ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 12 ዶላር የአካባቢ ግብር ይከፍላል፤ ለሁለት ሰው አምስት ሌሊት 120 ዶላር ማለት ነው። 17 በመቶ የቱሪዝም ታክስም በላዩ ይጨመራል። የማጓጓዣው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው።

ከፋሲካ በኋላ ለሚደረግ ሰርግ ምክሬ ሌላ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዛንዚባርን ይተዉትና ሲሸልስን ይመልከቱ። ሲሸልስ ላይ ሁለቱ ነፋሶች የሚለዋወጡት በሚያዝያ አካባቢና እንደገና በጥቅምት ስለሆነ፣ ባሕሩ በጣም ጸጥ የሚለውና ውኃው የሚጠራው በእነዚህ ጊዜያት ነው። ከየትም አገር ለሚመጣ ቪዛ አይጠየቅም፤ የጉዞ ፈቃዱ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት መሞላት አለበት። ዋናው ደሴት ማሄ ላይ ብቻ አይቅሩ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ርቆ ፕራስሊን አለ፤ እዚያ ቫሌ ደ ሜ የሚባለው የዘንባባ ደን ከዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ላ ዲግ ደግሞ ሰው በብስክሌት የሚዘዋወርባት ትንሽ ደሴት ናት። ለሙሽሮች ከማሄ ይልቅ ሁለቱን እመርጣለሁ።

ዛንዚባርን በማንኛውም ጊዜ ተውት እያሉ ነው?

አይደለም! ከሰኔ እስከ ጥቅምት እጅግ ጥሩ ነው፤ በታኅሣሥና በጥርም ደህና ነው፣ ሙቀቱ ግን ይበረታል። ከቦሌ በቀጥታ የሚበር ስላለና መንገዱ አጭር ስለሆነ ለአምስት ቀን ፈቃድ የሚመች ነው። ሆቴል ሲመርጡ ግን የትኛው ዳርቻ ላይ እንዳለ ይዩ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በዚያ ሰዓት ለመዋኘት በአሸዋው ላይ ረጅም መሄድ ይኖርብዎታል። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የደሴቲቱን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖርዎትም አይቀርም። በረመዳን ወር ከሄዱ ደግሞ በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን ውስጥ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ዝግ ናቸው።

ልጆቻችን የሚያርፉት በክረምት ነው። ከዝናቡ የምናመልጥበት ቦታ አለ?

ኬንያ። እኛ ሐምሌና ነሐሴን በዝናብ ስናሳልፍ ማሳይ ማራ ደረቅ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት የዱር ከብቶች ከሴሬንጌቲ ተነሥተው የማራን ወንዝ የሚሻገሩትም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም። ናይሮቢ ከቦሌ ሁለት ሰዓት ያህል ናት፤ ከዚያ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው መሐል ያርፋሉ። እነዚህ ትናንሽ አውሮፕላኖች ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብቻ፣ ያውም በሚተጣጠፍ ለስላሳ ቦርሳ፣ ስለሚፈቅዱ ትልቁን ሻንጣ ናይሮቢ ሆቴል አስቀምጠው ይሂዱ።

ዋጋው ላይ ግን ይዘጋጁ። የማሳይ ማራ መግቢያ ለውጭ አገር ጎልማሳ ከታኅሣሥ 23 እስከ ሰኔ 23 በቀን 100 ዶላር ሲሆን፣ ከሰኔ 24 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ 200 ዶላር ይሆናል። ክፍያው ለ12 ሰዓት ብቻ ነው። አንዳንድ ካምፖች ትንንሽ ልጆችን ስለማይቀበሉ የልጆችዎን ዕድሜ መጀመሪያውኑ ይናገሩ።

«በሞያሌ በኩል በመኪናችን ብንሄድስ?» የሚሉኝ አሉ። ከሐዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ጀብዱ ለሚወድ ያምራል፤ ልጆች ይዞ ለዕረፍት ለሚሄድ ቤተሰብ ግን አልመክርም።

ጎሪላ ለማየት ሩዋንዳ መሄድ ያን ያህል ዋጋ ያወጣል?

ለእኔ ያወጣል። ፈቃዱ ለውጭ ዜጋ 1500 ዶላር ነው፤ ከጎሪላዎቹ ጋር የሚቆዩት አንድ ሰዓት፣ በአንድ ቡድን የሚገቡትም ስምንት ጎብኚዎች ብቻ ናቸው። ለአፍሪካውያን የሚደረግ ቅናሽ መኖሩን ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይገባም። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገራት ዜጎች የ30 ቀን መግቢያ ያለ ክፍያ ትሰጣለች።

ከአገር ሳልወጣ የቅንጦት ጉዞ ይቻላል? ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ምን አዲስ ነገር አለ?

ይቻላል፤ ይህን ጥያቄ ስሰማ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። እኛ ሐይቅ አይናፍቀንም። ፍቅር ሐይቅ በእግራችን የምንደርስበት ነው፤ የውኃ ዳር ሪዞርት በደጃችን ነው። እንግዲያው ሌላ የውኃ ዳር ሪዞርት ፍለጋ ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር ከመሄድ ይልቅ ቤታችን የሌለውን ነገር፣ ብርዱን፣ ከፍታውን፣ ደኑን እንሂድበት እላለሁ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ባሌ ነው። ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ዲንሾ ሲደርሱ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ግቢው ውስጥ የደጋ አጋዘን እንደ ቤት ከብት ተረጋግቶ ሲግጥ ያያሉ። ከጎባ በላይ የሳነቲ አምባ ይጀምራል። ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ይደርሳል። ጎህ ሲቀድ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው። ቀይ ቀበሮው ፍልፈል የሚያድነው ብቻውን ነው፤ ጉድጓዷ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል፣ ጆሮዎቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ሞተር አጥፍተው መኪናው ውስጥ ዝም ካሉ በሰው ፊት ሥራውን ይቀጥላል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ናቸው። ከአምባው ወደ ደቡብ ሲወርዱ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ የሐረና ደን፣ ጫካው ውስጥ በራሱ የበቀለ ቡና፣ ቀርከሃ። ደኑ ውስጥ ባሌ ማውንቴን ሎጅ አለ፤ በደረጃው ከውጭዎቹ ጋር የሚወዳደር ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከወራት በፊት መያዝ አለባቸው። ፓርኩ ከዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ይያዙ። ስለ መንገዱ ሁኔታ በሚነሱበት ዋዜማ ሎጁን ደውለው ይጠይቁ፣ በቀን ብቻም ይጓዙ።

ሁለተኛው የኮይሻ በኩል ነው። ዳውሮ ውስጥ፣ ከግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አጠገብ፣ ሃላላ ኬላ ሪዞርት አለ፤ ስሙን ያገኘው የዳውሮው ካዎ ሃላላ ካስገነባው ጥንታዊ የድንጋይ ካብ ነው። ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የዝሆን ዳና ሎጅ ተሠርቷል። ከሐዋሳ መንገዱ በወላይታ ሶዶ ነው። እዚያ ድረስ ለሄደ ሰው ካቡን ከሚያውቅ የአካባቢው ሽማግሌ ጋር አብሮ መሄድ ከመዋኛው ይልቅ የሚታወስ ነው።

ላሊበላ ለገና፣ ጎንደር ለጥምቀትስ?

ሁለቱም በዓላት የሚተካቸው የለም። በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ ግን ስለሚለዋወጥ፣ ከመክፈልዎ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ያጣሩ፣ በየብስ ሳይሆን በአየር ይሂዱ፣ ሆቴሉም ገንዘብ የሚመልስበት ውል ይኑረው።

ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችንን ሐዋሳ ላይ በክብር ማስተናገድ እንፈልጋለን። መቼ ይምጡ?

ፊቼ ጫምባላላን እንዲያዩ ያድርጉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው በሁለቱም በኩል ጥቂት ቀን የሚያስተርፍ ቲኬት ይቆረጥለት። ቀኑ ሲታወጅ ደህና ደህና ክፍሎች ወዲያው ያልቃሉና ሆቴሉን አስቀድመው ያነጋግሩ። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥም ከተማው በምእመናን ይሞላል። ለንግሥ የመጣ ደስ ይለዋል፣ ለጸጥታ የመጣ ግን ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ዘመድዎን አሞራ ገደል የሚወስዱት ከሆነ በጠዋት ይሁን፤ ጀልባዎቹ ሌሊት የጠመዱትን ይዘው የሚገቡት፣ አባ ኮዳዎቹም ዓሣ የሚበልት ሰው እግር ሥር የሚሰለፉት ያኔ ነው።

ከሐዋሳ ለመነሳት ቦሌ ላይ ያለውን ግንኙነት እንዴት ላስተካክል?

ወደ አፍሪካ አገሮች የሚሄዱት አብዛኞቹ በረራዎች ከቦሌ የሚነሱት በጠዋት፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለእነዚህ ዋዜማውን አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው፤ በዚያው ጠዋት ከሐዋሳ ተነሥቶ መድረስ አይሞከርም። ወደ አውሮፓና እስያ የሚሄዱት ግን በብዛት ማታና ሌሊት ስለሚነሱ፣ ጠዋት ከሐዋሳ ተነሥቶ በዚያው ቀን መሳፈር ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ይጠንቀቁ። ቲኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬትዎ «ረቡዕ 00፡15» ካለ፣ ቦሌ መገኘት ያለብዎት ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ረቡዕ ማታ ከመጡ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቲኬት ለሰው ስሰጥ የሚሳፈርበትን ቀንና ሰዓት በአማርኛ አቆጣጠር በእጄ ጽፌ አብሬ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሆቴሉ የነገረኝ ዋጋና የመጨረሻው ሒሳብ ለምን አይገናኝም?

ዋጋው «ፕላስ ፕላስ» ስለነበረ ነው። ብዙ የአገራችን ሆቴሎች ክፍሉን የሚናገሩት 10 በመቶ የአገልግሎትና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይጨምሩ ነው። ታክሱ የሚሰላው ከአገልግሎቱ ጋር ተደምሮ ከሆነ 10,000 ብር የተባለው ክፍል 12,650 ብር ይሆናል። «ሁሉም ነገር ተጨምሮ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቁርስ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ማዕድ ወይም ሦስት ማዕድ፣ ይህም ይጻፍ። ደሴት ላይ ወይም ጫካ ውስጥ ሌላ ምግብ ቤት ስለሌለ ሦስቱን ማዕድ አብሮ መያዝ ያዋጣል።

ዶላር ከየት ላገኝ ነው?

ከባንክ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛ የሚያስፈልግ ከሆነ ቪዛውንና ቲኬቱን ይዘው ይቅረቡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ በብር ያሰሉት ጉዞ ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ብር ላይሸፈን ይችላል። በጀትዎን በዶላር ይያዙ፣ የተወሰነ መጠባበቂያም ይጨምሩበት። ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንክዎ ያውጡ፤ ሆቴሎች ሲገቡ ለመያዣ ካርድ ይጠይቃሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የያዘ ሰው እዚያ ላይ ይጉላላል።

ፓሪስ ወይም ሮም ማየት እፈልጋለሁ። ጊዜ ይበቃኛል?

አሁኑኑ ከጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባወጣው ውሳኔ የሸንገን ቪዛ መልስ መስጫው ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ በአንድ ቪዛ ደጋግሞ መግባትም ቀርቷል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ይጠየቃል። ቀጠሮ ማግኘት ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ስድስት ወር ሲቀረው ይነሡ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ቲኬት ወይም ሆቴል ፈጽሞ አይክፈሉ።

ዱባይስ?

ከኅዳር እስከ መጋቢት። በክረምታችን የሚሄዱ ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የሆቴል ዋጋ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

ጾም ላይ ብንሆን ምግብ እናገኛለን?

ታገኛላችሁ፤ ግን አስቀድሞ ይነገር። ውጭ አገር «ቬጂቴሪያን» ካላችሁ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ምግብ ይመጣል፤ መባል ያለበት «ቪጋን» ነው። ለአውሮፕላኑም ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ቢጫ ካርድ የግድ ነው?

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ማልዲቭስንና ሲሸልስን ጨምሮ ብዙ አገሮች ይጠይቁታል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሮጌ ካርድዎ ላይ የ10 ዓመት ገደብ ቢጻፍም እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ያ ገደብ ተነሥቷል። ፓስፖርቱንም በዚያው ይዩት፤ ከስድስት ወር ያነሰ ዕድሜ ከቀረው ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ይታደስ።

የከፈልኩት ገንዘብ እውነተኛ ቦታ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ክፍያውን በግለሰብ ስም ወዳለ የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር አይላኩ፤ ድርጅቱ በራሱ ስም የተከፈተ ሒሳብና ሕጋዊ ደረሰኝ ይኑረው። ቲኬቱ ሲሰጥዎ ላዩ ላይ ያለውን ስድስት ፊደልና ቁጥር የያዘ የመያዣ ኮድ ከስምዎ ጋር አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡት፤ ቲኬት ቁጥሩም አብሮ መታየት አለበት። ኮዱ ብቻ ታይቶ የቲኬት ቁጥር ከሌለ ቦታው ተይዟል እንጂ አልተከፈለበትም። ለሆቴሉ ደግሞ በተዋዋሉበት ማግሥት ራስዎ ደውለው ወይም ኢሜይል ልከው በስምዎ የተያዘ ክፍል መኖሩን፣ ምን ያህል እንደተከፈለና ቢሰርዙ እስከ ስንት ቀን ድረስ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ሲጠይቁ ቅር የሚለው አስጎብኚ ካለ ሌላ ይፈልጉ።